ከሸማኔው ጋር የቆመችው ሴት

አንድ ሸማኔ ነበረ፤ ሚስቱ ሞታበት ከትንሽ ሴት ልጁ ጋር ብቻውን የሚኖር።

የጠየቅሽኝን የረሳሁ እንዳይመስልሽ፣ ልጄ። የልጆች ጉዳይ ቢሮ ወረቀት ልኮብኛል አልሽ። ስለ ልጅሽ ጉዳይ ሰኞ ቅረቢ ተብያለሁ አልሽ። የሚቆምልኝ ሰው ይዤ ብሄድ ጥፋት ባይኖርባት ሰው ባልፈለገች አይሉኝም ወይ፣ ብቻዬን ብሄድ አይሻልም ወይ፣ ብለሽ ጠየቅሽኝ። አይሻልም ብዬሽ ዝም ማለት እችላለሁ። ነገር ግን እዚያ በር ላይ ስትደርሺ ልብሽ መልሶ ይከራከርሻል። ስለዚህ የሸማኔውን ነገር ስሚ።

የሸማኔው ቤት ከገበያው በታች፣ ገደል አፋፍ ላይ ነበር። አንድ ክፍል ናት። በአንድ በኩል የሚሠራበት ጉድጓድ አለ፤ ሸማኔ እንደምታውቂው ከጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን ወደ ታች ሰዶ፣ በእግሩ እየረገጠ በእጁ እየወረወረ ነው የሚሠራው። በሌላው በኩል ምድጃ አለ። በሩን ከፍቶ ሃያ እርምጃ የሄደ ሰው ደግሞ ገደሉን ያገኘዋል። ሚስቱ በሕይወት ሳለች ይህ ሁሉ ለሸማኔው ምንም አልነበረም። እሷ ከሞተች በኋላ፣ ልጅቱም ዳዴ ማለቱን ትታ መሮጥ ስትጀምር፣ ቤቱ ባንድ ጊዜ ጥርስ ያወጣ መሰለው።

ልጅቱ ትርንጎ ትባላለች። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ቢሆናት ነው። አንድ ቀን ሸማኔው ከሥራው ቀና ቢል ቤት ውስጥ የለችም። ወጥቶ ቢያይ ገደሉ ጫፍ ላይ በሆዷ ተኝታ፣ አገጯን በእጆቿ ደግፋ፣ ከታች የሚበሩትን ወፎች ታያለች። አልጠራትም። ቢጠራት ደንግጣ ትነሳለች ብሎ ፈራ። ጫማውን አውልቆ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ በጣቱ እየረገጠ ሄዶ እግሯን ያዘ። እሷ ሳቀች። እሱ ግን ያን ቀን መሥራት አልቻለም።

በማግስቱ ለስላሳ ጥጥ መርጦ፣ ደራርቦ ገምዶ፣ የጣት ውፍረት ያለው ገመድ ሠራ። አንዱን ጫፍ ከቤቱ ምሰሶ፣ ሌላውን ከልጅቱ ወገብ አሰረው። ሥራ ላይ ሲቀመጥ ያስራታል፣ ሲነሳ ይፈታታል። ሥራውን እንዳይተው የሚበሉት ከዚያው ነው። ለሰው እንዳይሰጣት፣ ሰው መለመን የማይችል ሰው ነበር። ቀኑን ሙሉ የሚናገረው ቃል ቢቆጠር ሁለት እጅ ጣት አይሞላም፤ ያውም ቢሆን ለትርንጎ ነው። እማዬ ነይ፣ እማዬ ተይ፣ እማዬ ብዪ። በዚህ አለቀ።

ጎረቤቱ እትዬ ዘርፌ የምትባል ሽሮና በርበሬ የምትሸጥ ሴት ነበረች። የትርንጎ እናት የሞተች ሰሞን ልጅቱን አዝላ የሰነበተችው እሷ ናት። አንድ ጠዋት ልጅቱ ተፈትታ ወደሷ ስትመጣ፣ ልታጥባት ቀሚሷን ብትገልጥ ወገቧን ዙሪያውን ቀልቶ አየችው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ በሸማኔው በር ስታልፍ ገመዱን አየች። እንደ ጥጃ፣ አለች በልቧ። ገብታ ልትጠይቀው አሰበች፤ ግን ዝምታው ያስፈራት ነበር። ሁለት ቀን አመነታች። በሦስተኛው ቀን ነጠላዋን አጣፍታ ወደ አጣሪዎቹ ሄደች።

በዚያች ከተማ ልጅ ተበደለ ሲባል የሚያጣሩ ሦስት ሰዎች ነበሩ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ቤት ገብተው ያያሉ፣ ጎረቤት ይጠይቃሉ፣ ወላጁን ያስቀርባሉ፤ ከዚያ ልጁ እናት አባቱ ዘንድ ይቆይ ወይም ሌላ ቤት ይደግ ብለው ይወስናሉ። ብዙ ልጅ አድነዋል። አንዳንዴም ሳይገባቸው የወሰኑት አለ፤ ሰው ናቸውና።

ሦስቱ ወደ ሸማኔው የመጡት ከምሳ በኋላ ነበር። በዚያ ሰዓት ትርንጎ ሁልጊዜ እንደምታደርገው በገመዷ ልክ ሄዳ ሄዳ፣ አባቷ ጀርባ ላይ ተደግፋ፣ ጉንጯን ትከሻው ሥር አጣብቃ እንቅልፍ ወስዷታል። ሸማኔው እንግዶቹን አያቸው። ከሦስቱ አንደኛው ሽበታም ሽማግሌ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ቤት ሲመጣ ሳይነሱ መቅረት ነውር መሆኑን ሸማኔው ያውቃል። ግን ቢነሳ ልጅቱ ወደ ኋላ ትወድቃለች። ስለዚህ እንደ ተቀመጠ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ግቡ አለ፤ እንዳትነቃበት ድምፁን ስለቀነሰ አልሰሙትም። እነሱ ከበሩ ብርሃን ቆመው ያዩት፣ ጨለም ባለ ቤት ውስጥ ሊነሳላቸው ያልፈለገ ሰውና ከምሰሶ የተዘረጋ ገመድ ነው።

ይህችን ልጅ ያሰራት ማን ነው ብለው ጠየቁት። እኔ አለ። ለምን ሲሉት፣ ገደሉም፣ ምድጃውም፣ ሚስቱም፣ ያ ልጅቱ በሆዷ ተኝታ ወፎች ያየችበት ቀንም ባንድ ላይ ጉሮሮው ድረስ መጡ። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ተርፎ የወጣው ሁለት ቃል ነው።

«ሥራ አለብኝ።»

አጣሪዎቹ ተያዩ። በሰባተኛው ቀን እንዲቀርብ፣ ልጅቱ ሌላ ቤት መወሰድ እንዳለባትና እንደሌለባት ያን ቀን እንደሚወሰን ነግረውት ሄዱ። ሸማኔው ትርንጎ እስክትነቃ ድረስ አልተንቀሳቀሰም።

መጀመሪያ ያሰበው አንቺ ያሰብሽውን ነው። ብቻዬን እሄዳለሁ አለ። እውነት ይዤ የምሄድ ሰው ምን ደጋፊ ያሻኛል፣ ሰው ይዤ ብሄድ የሚደብቀው ነገር አለ ይሉኛል፣ ብሎ ለራሱ ነገረው። የሚናገረውንም ሊያጠና ተቀመጠ። መወርወሪያውን በያዘው እጁ እየጠቆመ፣ ለባዶው ግድግዳ ነገሩን ሊያስረዳ ሞከረ። ሦስት ጊዜ ጀመረ። ሦስቱንም ጊዜ ሥራ አለብኝ ከሚለው አላለፈም። ያን ጊዜ ገባው። እውነቱ አለ፤ ግን ሆዱ ውስጥ ነው ያለው። ከሆዱ እስከ አጣሪዎቹ ጆሮ ያለውን መንገድ ብቻውን አይችለውም።

በአጣሪዎቹ ግቢ አጥር ሥር ጃንጥላ ተክሎ የሚቀመጥ አንድ አፈ ጮሌ ነበር። ለሰው መከራከር ሥራው ነው። ሲናገር ከመንገድ ማዶ ያለ ሰው ሳይቀር ይቆማል። ሸማኔው ወደሱ ሄዶ ነገሩን ገና ሲጀምር ሰውየው እጁን አነሳ።

«ከሳሽህ ማን ናት?»

«ጎረቤቴ ናት።»

«ምቀኛ ናት በለኛ።»

«ኧረ ምቀኛስ አይደለችም። ልጄን አዝላ…»

«ከዛሬ ጀምሮ ናት። ገመዱ የት ነው?»

«ቤት፣ ምሰሶው ላይ።»

«የለም። ዛሬውኑ ምድጃ ውስጥ ይገባል። አንተም በዕድሜህ ገመድ የሚባል ነገር በእጅህ ነክተህ አታውቅም።»

«ሸማኔ እኮ ነኝ፣ ጌታዬ።»

ዙሪያውን ቆመው የሚያዳምጡት ሳቁ። አፈ ጮሌውም አብሮ ሳቀ፤ ክፉ ሳቅ አልነበረም። ከዚያ እትዬ ዘርፌን በአጣሪዎቹ ፊት እንዴት አድርጎ እንደሚያሳፍራት፣ ስለ ባሏ መኮብለል ሳይቀር አንስቶ ራሷን እንደሚያስደፋት፣ እጁን እያወናጨፈ ይነግረው ጀመር። ሸማኔው ቆሞ ሰማው። የገረመው አንድ ነገር ነበር። ይህን ሁሉ ሲያወራ የልጅቱን ስም አልጠየቀውም።

ቤቱ ተመልሶ ገመዱን ከምሰሶው ፈታው። ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ረጅም ጊዜ በእጁ ይዞት ቆየ። ባቃጥለው ነገ ሥራ ላይ ስቀመጥ እሷ የት ትሆናለች ብሎ አሰበ። እትዬ ዘርፌንም አሰበ፤ ልጅቱን አዝላ እሽሩሩ ስትል የነበረውን። እሷን ምቀኛ ናት ብሎ ቢረታ፣ ከረታ በኋላ በበሯ እንዴት እንደሚያልፍ አላወቀም። ገመዱን መልሶ ሰቀለው። አፈ ጮሌው ዘንድም ዳግመኛ አልሄደም።

ግን ቀኑ እየሄደ ነው፤ አምስት ቀን ቀረው። ትርንጎ ገበታ ላይ አጠገቡ ቁጭ ብላ፣ ከሱ ጉርሻ ቀጥላ እሷም ልታጎርሰው እጇን ስትዘረጋ፣ ጎረሰላትና የቀሩትን ቀናት በጣቱ ቆጠረ።

በማግስቱ ወደ አጣሪዎቹ ግቢ ሄዶ ዘበኛውን ሰላም አለው። ዘበኛው በር ላይ ከቆመ ብዙ ዓመት የሆነው ሰው ነው። ሸማኔው በሕይወቱ ለማያውቀው ሰው ከተናገረው ሁሉ የረዘመውን ነገር የተናገረው ለሱ ነው። ከዚህ በር ልጃቸውን ይዘው የሚወጡ ሰዎች ከማን ጋር ነው የሚገቡት፣ ብሎ ጠየቀው።

ዘበኛው ቆቡን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ድምፁ የሚያስፈራው ማነው ብሎ ነው፣ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የለም፣ አለው። ትንሽም አሰበ። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ አንዲት ጠበቃ አለች አለው። ድምፅዋ እዚህ በሩ ድረስ ተሰምቶ አያውቅም። ከሷ ጋር የገቡ ብዙዎቹ ልጃቸውን ይዘው ይወጣሉ። ልጁ ያልተሰጣቸው እንኳ መቼ እንደሚያዩት፣ ምን ቢያደርጉ እንደሚመለስላቸው አውቀው ነው የሚወጡት። ግን አንተ እኔን ከጠየቅከኝ የበዛ ጥያቄ ትጠይቅሃለች፣ እወቀው፣ ብሎ አሰናበተው።

ሸማኔው ሲደርስ ሴትዮዋ በረንዳ ላይ ምስር ትለቅማለች። ገና ቆሞ ሳለ፣ እኔ አልበደልኳትም፣ አለ። በመንገድ ሙሉ ሲያጠናው የመጣው እሱን ነበር።

ሴትዮዋ ከምስሩ ቀና ብላ አየችው።

«ስሟ ማን ነው?» አለችው።

«ትርንጎ።»

«ቁጭ በል እስቲ። የት ተውካት፣ ማን ጋ ናት አሁን?»

ሸማኔው ሳያስበው ቁጭ አለ። ልጅቱን ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ከወፍጮኛው ሚስት ጋር ትቷት እንደ መጣ ነገራት። ነገ ቤትህ መጥቼ አያታለሁ፣ ከዚያ እንነጋገራለን፣ አለችው።

በማግስቱ ጠዋት ቤቱ መጣች። በርጩማ ይዛ ግድግዳ ተጠግታ ተቀመጠችና፣ እኔን እንደሌለሁ ቁጠረኝ፣ እንደወትሮው ሥራ፣ አለችው። ከጠዋት እስከ ምሳ አልተነሳችም። ትርንጎ ስትታሰርም አየች። ልጅቱ የክር ጥቅል እያንከባለለች እስከ ገመዷ ጫፍ ስትሄድ፣ ገመዱ ሲይዛት መለስ ስትልም አየች። መካከል ላይ ትጠይቀዋለች። ሲያማት ማን ዘንድ ይወስዳታል? ገበያ ሲወጣስ? ትቆጣለህ? መትተሃት ታውቃለህ? ሸማኔው ይህን የመጨረሻውን ሲሰማ እጁ ሥራው ላይ ቆመ። አንዴ፣ እጇን እሳት ውስጥ ስትከት፣ አላት። ስንት ጊዜ ብላ ደገመችለት። አንዴ፣ አለ ደግሞ፤ ከዚያ ወዲህ ያ እጄ እስከ ዛሬ ይከብደኛል። 

ምሳ ሰዓት ላይ ትርንጎ መጥታ አባቷ ጀርባ ላይ ተለጠፈች። ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትተኛው?» አለች ሴትዮዋ።

«ሁልጊዜ።»

«አጣሪዎቹ የመጡ ዕለትስ?»

«ያን ዕለትም።»

«ሳትነሳላቸው የቀረኸው በዚህ ነው?»

ሸማኔው አዎ አለ።

«ታዲያ ይህን ነገርካቸው?»

«ማን ጠየቀኝ።»

ሴትዮዋ ልጅቱ ስትነቃ ወደ ብርሃኑ ወስዳ ቀሚሷን ገለጥ አድርጋ ወገቧን አሳየችው። ቀልቷል፤ አንድ ቦታ ላይም ተልጧል። ሸማኔው አይቶት ያውቃል። ሲያየው ግን ዓይኑን ዘወር ያደርግ ነበር። ትንሽ ነገር ነው፣ አላት። ለሷ ትንሽ አይደለም፣ አለችው። ገመዱ ከገደል አድኗታል፣ ገመዱ ገላዋን ልጧታል፤ እኔ እዚያ ቀርቤ ሁለቱንም ነው የምናገረው።

ሸማኔው ተቆጣ። ለሰው መቆጣት ልማዱ አልነበረም።

«ለኔ ነው የምትቆሚው ወይስ በኔ ላይ?»

«ካንተ ጋር ነው የምቆመው» አለች ሴትዮዋ ድምፅዋን ሳታነሳ። «ግን አንተና እኔ ፊት እሷ ትቆማለች። እዚያ የተቀመጡት ሰዎች የሚጨነቁት ለሷ ነው። እኛም ለሷ እንደምንጨነቅ ካላዩ፣ ሌላ የምንለውን አይሰሙንም።»

ሸማኔው ትሂድልኝ ብሎ አስቦ ነበር። ግን ትርንጎን አያት፤ ሴትዮዋ ጭን ላይ ወጥታ የነጠላዋን ጥለት በጣቷ ትከተላለች። ሴትዮዋም ሳትነሳ፣ ሳትቸኩል፣ ከምሰሶው እስከ ምድጃው፣ ከምሰሶው እስከ በሩ፣ ከምሰሶው እስከ ጉድጓዱ ያለውን ስንት እንደሆነ መለካት እንደምትፈልግ ነገረችው። ለምን ብሎ አልጠየቃትም። እሷ በክንዷ ለካች፤ እሱም ገመዱን ያዘላት። ስትወጣ፣ ከእንግዲህ ሳታስራት እንዴት እንደምትጠብቃት ይጠይቁሃል አለችው። መልሱን እኔ አልፈጥርልህም፤ ቤቱ ያንተ ነው፣ አስብበት።

በሄደች ማግስት ሸማኔው ሥራውን አቁሞ፣ ጉድጓዱን በሳንቃ ዙሪያውን አጠረ። ከቀርከሃም ለበሩ የሚሆን፣ እስከ ልጅቱ አገጭ የሚደርስ መዝጊያ ሠራ። ሁለቱን ሲሠራ ሰነበተ። ሲጨርስ ቁጭ ብሎ አየው። ይህን ከመጀመሪያው ለምን እንዳላሰበው ገረመው። ሰው ብቻውን ሲፈራ መጀመሪያ እጁ የገባውን ነው የሚያደርገው፤ እሱ እጁ ላይ የነበረው ክር ነው።

ቀኑ ደረሰ። ትርንጎን አዝሎ፣ ሴትዮዋ አጠገቡ ሆና ወደ ግቢው ሲገቡ፣ አፈ ጮሌው ከጃንጥላው ሥር አያቸው። ሸማኔ፣ እሷን ይዘህ ነው የምትገባው፣ እኔ አጠገቧ ቆሜም ስትናገር አልሰማኋትም፣ አለው። የቆሙት ሳቁ። ሸማኔው ልጁን ከፍ አድርጎ አስተካክሎ አዘላትና አለፈ።

ሦስቱ አጣሪዎች ተቀምጠዋል። እትዬ ዘርፌ በአንድ በኩል ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። ይሰድቡኛል ብላ፣ ስለ ባሏም ይነሳል ብላ፣ የምትመልሰውን አዘጋጅታ ነው የመጣችው። ሽበታሙ አጣሪ ክሱን ካሰማ በኋላ ጠበቃዋን ምን ትያለሽ አላት።

ልጅቱን አስሯታል፣ አለች ሴትዮዋ። ወገቧ ተልጧል። ጎረቤቱ ያየችው ትክክል ነው፤ መጥታ መናገሯም ለልጅቱ ብላ ነው።

 እትዬ ዘርፌ ነጠላዋን ከአፏ አወረደች፤ ልትጣላው የመጣችው ሰው ባዶ ሜዳ ላይ የጠፋባት ይመስል ግራ ገባት።

ያን ጊዜ ሴትዮዋ ገመዱን ይዛ ከመጣችው ዘንቢል አወጣችው። ለሽበታሙ አጣሪ አንዱን ጫፍ ሰጥታ፣ እርስዎ የቤቱ ምሰሶ ነዎት፣ እንዲያው ይያዙልኝ፣ አለችው። ሰባት ክንድ ለክታ በርጩማ አስቀመጠች፤ ይህ ምድጃው ነው። ዘጠኝ ክንድ ለክታ መስመር አሰመረች፤ ይህ በሩ ነው፣ ከሱ ወዲያ ገደሉ ነው። ቤቱ ቅርብ ነው፣ የተጠራጠረ ሄዶ ይለካ። ከዚያ ከልጅቱ ወገብ ይታሰር የነበረውን ጫፍ ይዛ ወደ በርጩማው ሄደች። ገመዱ ሁለት ክንድ ሲቀረው ተወጠረ። ወደ መስመሩ ሄደች፤ አራት ክንድ ሲቀረው ተወጠረ። ሸማኔውን፣ ሥራ ላይ እንደምትቀመጠው ተቀመጥ፣ አለችው። ትርንጎን ከጀርባው አውርዶ፣ ከምሰሶው በልኩ ርቆ፣ ፊቱን ወደ ጉድጓዱ አድርጎ፣ መሬት ላይ ተቀመጠ። ከኋላው መጣች። ገመዱ ሳይወጠር ጀርባውን ነካው። ከጀርባው አልፎ ጉድጓዱ ጋ ግን አይደርስም።

 ሸማኔው ያን ገመድ ሦስት ጊዜ እንደ ቆረጠው አስታወሰ። የመጀመሪያው ረዝሞ ምድጃው ጋ ደረሰባት። ሁለተኛው አጥሮ ወደሱ መድረስ አቅቷት አለቀሰች። ሦስተኛው ላይ ልኩን አገኘ። ይህን አንድ ሰው አንድ ቀን ያየዋል ብሎ አስቦ አያውቅም።

ሽበታሙ አጣሪ ገመዱን እንደ ያዘ ወደ ሸማኔው ዞረ። የመጣን ዕለት ግን ለምን አልተነሳህልንም፣ አለው። ሸማኔው ወደ ሴትዮዋ ዞር አለ። መልሱን ታውቃለች። እሷ ግን ዓይኗን መሬት ላይ አድርጋ ዝም አለች። አጣሪው ሊደግም ሲል እጇን ትንሽ አነሳችና፣ ይጠብቁት፣ አለች። ጠበቁት። ረጅም ጊዜ ነው የጠበቁት። ማንም ሰው ሸማኔውን እንዲያ አድርጎ ጠብቆት አያውቅም።

«ተኝታ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ጀርባዬ ላይ። ብነሳ ትወድቃለች።»

ሌላ አልተናገረም። ሌላም አላስፈለገም። እትዬ ዘርፌ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ቆይታ፣ እኔ ከበር ሆኜ ነው ያየሁት፣ አለች። ቀጥላም፣ ጠዋት ጠዋት እኔ ጋ ትሁን፣ እኔ እንደሆን ሥራዬ ተቀምጦ ነው፣ አለች።

ሳታስራት እንዴት ትጠብቃታለህ ሲሉትም፣ ጉድጓዱን በሳንቃ እንዳጠረ፣ ለበሩም መዝጊያ እንደ ሠራ ነገራቸው። አጣሪዎቹ ተማከሩ። ሸማኔውን ወቀሱት። ከእንግዲህ ልጅቱ እንዳትታሰር፣ ሳንቃውንና የበሩን መዝጊያ መጥተው እንደሚያዩ፣ ሦስት ወር ሙሉም ሳይነግሩት ብቅ እንደሚሉ ነገሩት። ልጅቱ ግን አባቷ ዘንድ ትቆይ አሉ። ሸማኔው አዝሏት ወጣ። በሩ ላይ ቆሞ ሴትዮዋን ሊያመሰግን ቢሞክር ቃል አልመጣለትም። እሷም እስኪመጣለት ጠበቀችው። ከዚያ እግዜር ይስጥልኝ አላት፤ ተለያዩ።

እንግዲህ ልጄ፣ ሸማኔው አንቺ ነሽ። ሰው ይዤ ብሄድ ይጠረጥሩኛል አልሽኝ። እሱን የጠረጠሩት ሰው ሳይይዝ፣ ብቻውን ሆኖ ሥራ አለብኝ ያላቸው ቀን ነው። ሰው ይዞ ሲመጣ ነው ያዩት። ጠበቃ ማለት ባንቺ ፈንታ የምትጮህ አይደለችም፤ ያንቺ ቃል ተሰምቶ የሚያርፍበትን ቦታ የምታሰናዳ ናት። እነዚያም ቢሮ ያሉት ጠላቶችሽ አይደሉም። በር ላይ የቆሙ ሰዎች ናቸው፤ ከበር የሚታየውን ነው ያዩት። ወደ ውስጥ የምታስገባቸው ሰው ያስፈልግሻል።

ሰኞ ሊደርስ ገና አራት ቀን አለ። ዛሬውኑ ፈልጊ። ልጃቸውን ይዘው የወጡትን እናቶች ማን አብሯችሁ ገባ ብለሽ ጠይቂያቸው። ካገኘሽ በኋላ ደግሞ ምን ብላ እንደምትጀምር አድምጪ። ወረቀቱን ከመቀበሏ በፊት የልጅሽን ስም ከጠየቀችሽ እሷን ያዢ። ደብቂ፣ ካጂ፣ ጎረቤትሽን ስደቢ የሚልሽ ከሆነ፣ የፈለገ ቢናገርልሽ ተነስተሽ ሂጂ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከተቀመጥሽ ጀምሮ ስለ ወረቀቱ ነገርሽኝ። ስለ ጎረቤትሽም፣ ስለ ቢሮው ሰዎችም ነገርሽኝ። የልጁ እጅ እንዴት እንደ ተቃጠለ ግን አልነገርሽኝም። እኔም አልጠየቅሁሽም። ጠበቃዋ ትጠይቅሻለች። ስትጠይቅሽ አትቆጪ። ዓይንሽንም ዘወር አታድርጊ። እንደሆነው አድርገሽ፣ ያጠፋሽውንም ጭምር ንገሪያት፤ ቃል ቢጠፋሽም አትፍሪ፣ ትጠብቅሻለች።

እኔ ለነገር የምሆን ሰው አይደለሁም፤ እዚያ ገብቼ ምንም አልረባሽም። ልጁን ግን ስጪኝ፣ እኔ እይዘዋለሁ። አንቺ ነጠላሽን ልበሽ፣ ጠበቃዋን እስክናገኝ፣ እስከ በሯ አብረን እንሂድ።